ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ሀዋሳ ልሂድ? አባታቸው አልስማማም ብሏል

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ እዚህ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን የማማክረው ሰው ስላጣሁ ነው።

ከልጆቼ አባት ጋር በስምምነት ከተፋታን ዓመት ከአራት ወራችን ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ 6ኛ ክፍል። ትንሿ 5 ዓመቷ ነው፣ ኬጂ ናት። ፍርድ ቤት ባጸደቀልን ስምምነት ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው። አባታቸው ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ይወስዳቸዋል፣ እሁድ ማታ ይመልሳቸዋል። ቀለቡን ወር በገባ በአምስተኛው ቀን በቴሌብር ይልካል፤ አንድም ወር አሳልፎ አያውቅም። ይሄን የምጽፈው ክፉ አባት መስሏችሁ እንዳትመክሩኝ ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ትንሿ ጫማዋን ግራውን ለቀኝ አድርጋ፣ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች።

ችግሩ እንዲህ ነው። እናቴ ሀዋሳ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ስኳር አለባት። ጥቅምት ላይ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ገባች፤ ሁለተኛው ጊዜ ወድቃ ያገኘቻት ጎረቤት ናት። የቤት ኪራይ ውሌ ደግሞ ጥር መጨረሻ ላይ ያልቃል። አከራዬ ቤቱን ለልጁ እንደሚፈልገው ነግሮኛል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሀዋሳ አንድ ቦታ ተወዳድሬ አለፍኩ፤ የካቲት 1 እንድጀምር ይፈልጋሉ። ደሞዙ ከአሁኑ ብዙም አይበልጥም፤ ግን እናቴ ቤት ስለምገባ ኪራይ የለብኝም።

ለአባታቸው በስልክ ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ልጆቼን ከዚህ ከተማ ይዘሽ ውጪና እንተያያለን» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ሰላም አይለኝም። ደረጃው ሥር ቆሞ ልጆቹን ይጠራል።

ያለ እሱ ፈቃድ ብሄድ ልጆቼን ልነጠቅ እችላለሁ? 6ኛ ክፍል ላይ ያለን ልጅ በዓመቱ መሃል ማዛወር ይቻላል? ለትልቁስ እንዴት ልንገረው? እስካሁን አያውቅም። ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።

የሰሚቷ፦

እህቴ ምን ያስጨንቅሻል? ልጅ የእናት ነው። እናትሽ ታማለች፣ ሥራ አግኝተሻል፣ ቤት አለሽ። ዕቃሽን ጫኚና ሂጂ። ከፈለገ መጥቶ ይያቸው። ፈቃድ መጠየቅ የጀመርሽ ቀን ማብቂያ የለውም።

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ፦

ይቅርታ፣ ከላይ ያለው ምክር ልጆችዎን ፍርድ ቤት ሊያስቆምብዎት ስለሚችል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ልጅ የእናት ነው» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው ለእናቱ ይሰጥ ይል ነበር። ያ ድንጋጌ በ1992 ቀርቷል። አሁን አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አንቀጽ 113 እናትን ከአባት አያስቀድምም። ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውን፣ ቀለባቸውንና ከሌላው ወላጅ ጋር የሚጠያየቁበትን መንገድ አብሮ ይወስናል። ሲወስንም የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ይመዝናል። ሁኔታው ከተለወጠ ደግሞ ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል።

ይህ አንቀጽ ከከተማ ወደ ከተማ ስለመሄድ በስም አያነሳም። ስለዚህ ብዙ ደንበኞቼ «ካልከለከለኝ ይፈቀድልኛል» ብለው ያስባሉ። እርስዎ ግን በእጅዎ ያለውን ወረቀት አውጥተው ያንብቡት። «ዘወትር ቅዳሜ» ይላል። ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ሆነው «ዘወትር ቅዳሜ» አይፈጸምም። መኖሪያ መቀየርዎ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የሚጣሰው የመጠያየቂያው ትዕዛዝ ነው። አባትየው የአፈጻጸም መዝገብ ሊከፍት ይችላል። ከዚያ ባለፈ ሁኔታው ተለውጧል ብሎ ልጆቹ ለእኔ ይሰጡኝ የሚል አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል። ደብቀው ከሄዱ ደግሞ ያ ነገር ራሱ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል።

ስለዚህ ቢስማማም ባይስማማም ሳይሄዱ በፊት ይጨርሱት። ከተስማማ፣ አዲሱን የመጠያየቂያ ስምምነት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርማችሁ፣ ፍቺውን የወሰነው ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው ታቀርባላችሁ። ካልተስማማ፣ እርስዎ ራስዎ ውሳኔው እንዲሻሻል ያመልክቱ። የእናትዎን የሕክምና ማስረጃ፣ የሥራ ቅጥር ደብዳቤውን፣ የኪራይ ውልዎን፣ ልጆቹ ሀዋሳ የሚገቡበትን ትምህርት ቤት፣ አባታቸው በምን በምን ቀን እንደሚያገኛቸው ያሰቡትን ሁሉ አያይዙ። የመጨረሻዋ ከሁሉ ትበልጣለች። ዳኛ ፊት የአባትየውን ቀን አስቦ የመጣ ወላጅና ሳያስብ የመጣ ወላጅ አንድ አይደሉም። ሀዋሳ ከገቡ በኋላ ለመጨቃጨቅ አይተዉት። የቤተሰብ ሕግ ክልሎች የየራሳቸውን ስለሚያወጡ፣ መዝገብዎ ባለበት ቢያልቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ አለ። አባት በሕይወት እያለ ልጁ ስታሳድገው ከኖረችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ተወሰነ። መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ነው፤ የሕፃኑ ጥቅም ይቅደም የሚለው። የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ ክርክሩ «የእናት መብት» እና «የአባት መብት» ሆኖ ከቀረበ ሁለታችሁም ታጣላችሁ። ችሎቱ የሚጠይቀው ስለ ልጆቹ ነው። የ11 ዓመት ልጅዎን ሐሳብም ሊሰማ ይችላል። ልጁ ነገሩን መጀመሪያ ከዳኛ አፍ ባይሰማው እመርጣለሁ።

የሀዋሳዋ እናት፦

እህቴ አይዞሽ። እኔ በ2013 ነሐሴ ላይ ከሳሪስ ተነስቼ ሀዋሳ የገባሁ ነኝ። ያኔ ትልቁ ልጄ 9፣ ትንሹ 4 ዓመታቸው ነበር። እስካሁን እዚሁ ነን። መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልንገርሽ፤ ከእሱ ነው ብዙ የምታተርፊው።

እኔ ለአባታቸው የነገርኩት አይሱዙውን ከተከራየሁ በኋላ ነው። ለልጆቹ ደግሞ ልንሄድ ሁለት ሌሊት ሲቀረን። ቀድሜ ብናገር ያስቀሩኛል ብዬ ፈራሁ። ዕቃ በምንጭንበት ጠዋት አባታቸው መጣ። ይጮሃል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። ግቢው በር ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ጫኞቹ ሶፋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ፍሪጁን ጭነው የልጆቹን ፍራሽ ከላይ ወረወሩት። ያኔ ትልቁ ልጄ መኪናው ላይ ወጣ። ማንም ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልገባውም። የራሱን ፍራሽ ይዞ እየጎተተ መሬት ላይ አወረደው። «ይቺ እዚህ ትቅር፤ አባቢ ጋ ስመጣ እተኛባታለሁ» አለ። ጫኞቹ ዝም አሉ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። አባቱ ፍራሹን በጭንቅላቱ ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ወሰደው። እኔ እሱን ከኋላ እያየሁ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ።

የሄድኩት ትክክል አልነበረም እያልኩሽ አይደለም። መሄድ ነበረብኝ። ግን ሁለት ወር ቀድሜ ብናገር ኖሮ ያ ልጅ ፍራሹን ለማስቀረት መኪና ላይ አይወጣም ነበር።

አሁን ወደ አንቺ። አባታቸውን በስልክ አይደለም የምትነግሪው። በአካል፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። «ልሄድ ነው» ብለሽ አትጀምሪ። «እናቴ ወድቃ ተገኘች፣ ቤቱን ልለቅ ነው፣ ልጆቹን በምን ቀን በምን ቀን ታገኛለህ?» በይው። ሰው ቀኑን ሲሰማ ሌላ ሰው ይሆናል። የልጆቼ አባት የፈራው ሀዋሳን አልነበረም። ትንሹ እንዳይረሳው ነው የፈራው። ይህን የነገረኝ ከዓመት በኋላ ነው።

ስለ ቀኑ ደግሞ፣ መጀመሪያ የያዝነው አልሠራም። በወር አንድ ቅዳሜ ይምጣ ብለን ነበር። ከቃሊቲ መናኸሪያ ንጋት ላይ ይሳፈርና እኩለ ቀን አካባቢ ይደርሳል። ልጆቹን ፍቅር ሐይቅ ይወስዳቸዋል፣ አሞራ ገደል ዓሣ ያበላቸዋል። ሲመሽ ሆቴል ይይዛል። የመኪናው፣ የሆቴሉ፣ የምሳው ሲደመር ከበደው። በሦስተኛው ወር ቀረ። በአራተኛውም ቀረ። ልጄ በዚያ ሰሞን ደብተሩ ጀርባ ላይ መንገዱን በተራ ጻፈው፦ ቃሊቲ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ ላንጋኖ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ ሀዋሳ። ምንድን ነው ስለው «አባቢ ሲደውል የት እንደደረሰ እንዳውቅ» አለኝ። አባቱ ግን መንገድ ላይ አልነበረም።

ያን ደብተር ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ተናድጄበት አልነበረም የላክሁት። ማታውኑ ደወለ። ያኔ ነው ዝዋይ መሃል ናት ያልነው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከእኛ ደግሞ ትንሽ ትቀርባለች። በወር አንድ ቅዳሜ እኔ ልጆቹን ይዤ ዝዋይ እሄዳለሁ፣ እሱ ከወዲያ ይመጣል። ልጆቹን ተረክቦ አዲስ አበባ ይወስዳቸዋል፣ እሁድ እዚያው አምጥቶ ያስረክበኛል። ድካም አለው። ሁለታችንም ግን ግማሹን እንደክማለን። ክረምት ላይ ሐምሌን ሙሉ ከእሱ ጋር ናቸው። ፋሲካን አንድ ዓመት እሱ፣ አንድ ዓመት እኔ። ትልቁ አዲስ አበባ ሲሄድ ዛሬም በዚያች ፍራሽ ላይ ነው የሚተኛው። እግሩ ከጫፏ ያልፋል።

ጠበቃው እንዳለው ወረቀት ላይ አስፍሩት። ግን ሰው የሚረሳቸው ነገሮች አሉ። ታሪፍ በየጊዜው ስለሚቀያየር የትራንስፖርቱን ብር አትጻፉ፤ ማን የትኛውን ጉዞ እንደሚከፍል ጻፉ። መንገድ ሲዘጋ የቀረው ቅዳሜ መቼ እንደሚተካ ጻፉ። በዚህ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ለምን እንደምልሽ ያውቃል። ስልክ የምትደዋወሉበትን ሰዓት ጻፉ፤ እኛ ማታ ሁለት ሰዓት ነው፣ እራት ተበልቶ ሳይተኙ። ዋናው የልደት ሰርተፊኬት ማን ጋ እንደሚቀመጥም ጻፉ።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ መሸኛና ሪፖርት ካርድ ይጠይቁሻል፣ የልደት ሰርተፊኬትም። ያልተከፈለ ወርሃዊ ክፍያ ካለ መሸኛ አይሰጡሽም። ሀዋሳ ስትመጪ ሲዳሙ አፎ፣ የሲዳማ ቋንቋ ማለት ነው፣ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ልጄ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፊደሉን እንኳ እየተጠራጠረ ነው የጨረሰው። አሁን ለፍቼ ጨምበላላ ከጓደኞቹ ጋር «አይዴ ጨምበላላ» እያለ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ልጅ ይለምዳል። የአንቺ ልጅ ግን 6ኛ ክፍል ነው፣ ፈተና አለበት። ዛሬ ነገ ሳትዪ ትምህርት ቤቱ ሄደሽ ለፈተናው ተመዝግቦ ስሙ ተልኮ እንደሆነ ጠይቂ። ከተላከ በመሃል ማዛወሩ ራስ ምታት ነው።

እኔ አንቺን ብሆን ትልቁን እስከ ሰኔ አባቱ ጋ እተወው ነበር። ስጽፈው ራሱ ሆዴ ተላወሰ፤ ስታነቢውም እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ግን ልጁ ፈተናውን በራሱ ትምህርት ቤት ይፈተናል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይጨርሳል። አባቱም ማለዳ ማስነሳቱን፣ ምሳ ዕቃ መቋጠሩን፣ የቤት ሥራውን ያየዋል። ልጁ ከፈለገ ነው ታዲያ። ጠይቂው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ፤ ልጆቹ የተወሰዱበት አባት። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በፈረንጅ 2019 የልጆቼ እናት ዳላስ ሥራ አግኝታ ሁለቱን ልጆቻችንን ይዛ ሄደች።

እዚህ አገር ነገሩ በወረቀት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ፍርድ ቤት የአሳዳጊነት ትዕዛዝ ሲሰጥ፣ መኖሪያ ሊቀይር ያሰበ ወላጅ 90 ቀን ቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ማዘዝ ይችላል። ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ደግሞ 30 ቀን ነው። የእኛም ትዕዛዝ ላይ 90 ቀኑ ተጽፎ ነበር። ደብዳቤው በአደራ ፖስታ መጣልኝ። ሥራ ልገባ በር ስከፍት ነው የተቀበልኩት። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ የዚያን ቀን ሥራ አልገባሁም።

ተቃውሜ ጠበቃ ያዝኩ። ወራት ፈጀ፣ ያጠራቀምኩትን ጨረሰው። በመጨረሻ ያስታረቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። ዛሬ ላይ ሳስበው፣ ያ 90 ቀን ደስ ባይለኝም ጠቅሞኛል። የምቆጣበት፣ የማለቅስበት፣ ከዚያ ደግሞ የማስብበት ጊዜ ሰጠኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕጉ ይህን ያህል ቀን ባይልም፣ እህቴ፣ አንቺ ራስሽ ስጪው። ታኅሣሥ ነው፣ የካቲት ሩቅ አይደለም። በስልክ የተነገረው ሰው የሚመልሰው የመጀመሪያውን ቁጣውን ነው። እኔም «እንተያያለን» ብዬ ነበር፤ ይህንኑ ቃል። ክፋት አልነበረም። እንዴት እንደምኖር ጠፍቶኝ ነው።

ስለ በዓል የተጻፈውን አጠናክራለሁ። የእኛ ስምምነት መጀመሪያ ላይ «ዊንተር ብሬክና ስፕሪንግ ብሬክ»፣ የፈረንጅ ገናና የፋሲካቸው ሰሞን እረፍት፣ ብቻ ይል ነበር። ገና ታኅሣሥ 29፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 7 ሲውል የልጆቹ ትምህርት ተከፍቷል። ፋሲካችንም ከትምህርት ቤቱ እረፍት ጋር የሚገጥመው ስንት ዓመት አንዴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቼ ገናንም ፋሲካንም ያለ እኔ ዋሉ። ከዚያ በኋላ ነው በዓላቱን በስማቸው ያስጻፍነው። እናንተ አንድ አቆጣጠር ላይ ስላላችሁ ይቀላል፤ ቢሆንም በስም አስጽፉት። የልደታቸውንም ቀን እንዳትረሱ።

የስልኩን ሰዓት ደግሞ አክብሪለት። ዳላስ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይዘገያል። ልጆቹ እራት በልተው እስኪደውሉ እኔ ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ነው የምጠብቀው። ያቺ ሰዓት ስታልፍ ቤቱ ይጠበኛል።

የደሴው ልጅ፦

ስለ ትልቁ ልጅሽ ብቻ ልናገር፤ እኔ ያ ልጅ ነበርኩ። አሁን 31 ዓመቴ ነው።

እናቴ ከደሴ አዲስ አበባ ስታመጣኝ 9 ዓመቴ ነበር። ለእረፍት ነው አለችኝ፣ አክስትህ ጋ ሰንብተን እንመለሳለን። ደህና አድርጌ አልተሰናበትኩም። ብዮቼን በጣሳ አድርጌ ለጎረቤታችን ልጅ «እስክመጣ ጠብቅልኝ» ብዬ ሰጠሁት፤ ለማንም እንዳያስነካም አስማልኩት። ነሐሴ አለቀ። መስከረም ገባ፣ እናቴ አዲስ ዩኒፎርም ገዝታ መጣች። ልኬ ነበር። ከአክስቴ አልጋ ሥር ገብቼ አልወጣም አልኩ።

እናቴ ክፉ አይደለችም። እንዳላለቅስ ብላ ነው የዋሸችኝ። ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት «ነገ እንሄዳለን» ሲሉኝ የት እንደሆነ ሦስት ጊዜ እጠይቅ ነበር። አባቴንም ለምን አልመጣህም ብዬ በልቤ ስከሰው ኖርኩ። እሱም የት እንዳለን ወር ሙሉ እንዳላወቀ የሰማሁት አድጌ ነው።

ልጅሽን አታታልይው። ከተቻለ ሁለታችሁም አብራችሁ ንገሩት። መቼ እንደሚሄድ፣ ከአባቱ ጋር መቼ መቼ እንደሚገናኝ፣ የትኛው ዕቃው የት እንደሚሆን ይወቅ። ያለቅስ። ጓደኞቹን ተሰናብቶ ይምጣ።

የሰሚቷ፦

ከላይ የጻፍኩትን በችኮላ ነው የጻፍኩት። የደሴውን ወንድማችንን ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። እህቴ ይቅርታ፣ እኔን አትስሚኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መልስ ሳልሰጥ የቆየሁት ያላችሁኝን እያደረግሁ ስለነበር ነው።

የዛሬ ሳምንት ለልጆቼ አባት መልእክት ላክሁለት። «ልጆቹን ስለምታገኝባቸው ቀናት ላማክርህ እፈልጋለሁ» አልኩት፣ ሌላ አልጨመርኩም። መጣ። ድሮ ሁለታችንም የምናውቃት ትንሽ ቡና ቤት ተቀመጥን። የእናቴን የሆስፒታል ወረቀት አሳየሁት። እናቴን ይወዳታል፤ መውደቋን አልሰማም ነበር። «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» አለ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ቀኖቹን አሳየሁት፦ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ ሐምሌ፣ አንዱን በዓል እሱ አንዱን እኔ። ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ አየው። «ትንሿ ትረሳኛለች» አለ። የሀዋሳዋ እህቴ፣ ልክ ያልሽኝን ቃል። እኔም አለቀስኩ፣ እሱም።

ወዲያው እሺ አላለም። ማግስቱ ደውሎ ግን ትልቁ ፈተናውን እስኪጨርስ እሱ ጋ ይሁን አለ። እኔ ሳልጠይቀው ራሱ ነው ያመጣው። ትምህርት ቤቱም ሄጄ ነበር፤ የልጄ ስም ለፈተናው ተልኳል። በወር ሁለት ቅዳሜና እሁድ እንዲሆንም ጠየቀኝ። ሁለት አልችልም አልኩት። ትንሿ በዚያ መንገድ በወር አራት ጊዜ አትመላለስም። እስከ ሰኔ ግን እኔ በወር አንዴ ለትልቁ ስል አዲስ አበባ እመጣለሁ፣ እሷንም ይዣት። እዚህ ላይ ተስማምተናል። ማክሰኞ ጠበቃ ጋ ሄደን እናስጽፈዋለን፣ ከዚያ ለፍርድ ቤቱ ይገባል።

ለትልቁ ትናንት ማታ አብረን ነገርነው። አባቱ ሶፋው ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ ምንጣፉ ላይ። እስከ ሰኔ አባቱ ጋ እንዲሆን የተነጋገርነውንም ነገርነውና «አንተስ ምን ትላለህ?» አልነው። ቶሎ አልመለሰም። የምንጣፉን ክር እየመዘዘ ቆየ። ከዚያ «ብስክሌቴስ የት ነው የምትሆነው?» አለ። አባቱ «እስከ ሰኔ እኔ ጋ፣ ከሰኔ በኋላ ሀዋሳ» አለው። «አያቴ ግቢ ውስጥ ይነዳል?» «ይነዳል።» «እሺ ፈተናውን እዚህ ልፈተን» አለ። ከዚያ ተነስቶ ክፍሉ ገባ። ሌሊት ሲያለቅስ ሰማሁት፤ ገብቼ አጠገቡ ተኛሁ። አላባረረኝም።

ትንሿ ገና ምኑም አልገባትም። አያቷ ጋ መሄዷ ነው የገባት።

የሀዋሳዋ እህቴ፣ ዝዋይ ላይ የት ነው የምትገናኙት? የመጀመሪያው ጊዜ ለእኛ መጋቢት ሁለተኛው ቅዳሜ ነው።

የሀዋሳዋ እናት፦

እልል ብያለሁ፣ ጎረቤት እስኪሰማኝ። እኛ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ የሚጠበስበት አካባቢ ነው የምንገናኘው። ከዋናው መንገድ በባጃጅ ነው የሚገባው። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ድረስ ድረሺ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ይከብዳቸዋል። ለማስረከብ አትቸኩሉ፣ አብራችሁ ምሳ ብሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ለትንሿ ያ ይቀላታል። ውኃው ዳር ነፋስ ስላለ ሹራብ ያዢላት። ስትደርሺ ደውዪልኝ፣ በዚያ ቅዳሜ እኛም እዚያው ነን።